ቪክቶር ሼልሼር፦ ባርነትን የሻረው አዋጅ በስምንት ሳምንት እንዴት ወጣ?

ማርች 3 ቀን 1848 አንድ የ43 ዓመት ሰው ከሴኔጋል ጉዞው ተመልሶ ፓሪስ ገባ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ትታመሳለች። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ከዙፋኑ ከወረደ ገና ሳምንት ማለፉ ነው። ሪፐብሊክ ታውጇል፤ አገሩን የያዘው ጊዜያዊ መንግሥት ነው። ሰውዬው ሹመት የለውም፣ ለምክር ቤትም ተመርጦ አያውቅም። ግን የባሕር ኃይልና የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የሆነውን ፍራንስዋ አራጎን ሄዶ አነጋገረው። በማግስቱ የሚኒስትሩ ምክትል ሆኖ ተሾመ። ኤፕሪል 27 ደግሞ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው አዋጅ ተፈረመ። አዋጁ የነካቸው ሰዎች ወደ 250 ሺህ ይጠጋሉ።

ይህ ሰው ቪክቶር ሼልሼር ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ አንድ ደግ ሰው ገድል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት ነገ ዛሬ ሲባል የኖረ ነገር በስምንት ሳምንት እንዴት አለቀ? ካለቀስ በኋላ ምኑ ሳይነካ ቀረ?

ሼልሼር የተወለደው በጁላይ 1804 ፓሪስ ነው። አባቱ ማርክ ከአልዛስ የመጣ የፖርሴሊን ዕቃ አምራች ነበር። ልጁ ንግዱን እንዲለምድና ገዢ እንዲያፈላልግ በ1820ዎቹ መጨረሻ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ኩባ ሰደደው። ልጁ ሰሃንና ሲኒ ሊሸጥ ሄዶ ሰው ሲሸጥ አይቶ ተመለሰ። በ1830 ስለዚያ ያየው ነገር የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ። አባቱ በ1832 ሲሞት ንግዱን ለሌላ ሸጦ በቀረለት ሀብት እየኖረ በጽሑፍና በጉዞ ተጠመደ። አላገባም፣ ልጅም አልወለደም።

እዚህ ላይ አድናቂዎቹ ቶሎ የሚያልፉት ነገር አለ። ያኔ ሼልሼር ባርነት በአንድ ጊዜ ይሻር አላለም። በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ ባርነትን ክፉኛ ቢያወግዝም መፍትሔው ቀስ በቀስ ይሁን ባይ ነበር። ሰዎቹ ለነፃነት ገና አልተዘጋጁም ብሎ ያምናል። ጅራፉ እንኳ ለጊዜው ይቆይ ብሎ ነበር፤ ያለ ጅራፍ እርሻው አይሠራም የሚለውን የባለርስቶቹን ክርክር ተቀብሎታል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እንዲያውም የሰውዬውን ታሪክ ለኔ ቁም ነገር የሚያደርገው ከዚህ ተነስቶ የት እንደደረሰ ማየቱ ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች ቀድመውት ነበር። ሲሪል ቢሴት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከሆነችው ከካሪቢያኗ ደሴት ከማርቲኒክ የመጣ፣ ነፃ የተወለደ፣ የጥቁርና የነጭ ዘር ያለው ነጋዴ ነው። በ1824 የነፃ ጥቁሮችን መብት የሚጠይቅ በራሪ ጽሑፍ አሰራጨህ ተብሎ በጋለ ብረት ገላው ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ይህ ሰው በ1830ዎቹ ፓሪስ ውስጥ በሚያወጣው መጽሔት ባርነት ወዲያውኑ ይሻር እያለ ይጽፍ ነበር። ሼልሼር እዚያ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በኋላ ሁለቱ ሰዎች ደመኛ ተቀናቃኝ ሆኑ። እሱ ራሱን የቻለ አሳዛኝ ታሪክ ነው።

የሼልሼርን አሳብ የቀየረው በ1840 እና በ1841 ያደረገው የካሪቢያን ጉዞ ነው። ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ገብቶ ባለርስቶቹ ቤት በእንግድነት አረፈ፣ እርሻውን አየ፣ ሰዎቹ የሚያድሩበትን ጎጆ አየ። ከዚያ ባርነት ወደተሻረባቸው የእንግሊዝ ደሴቶች፣ ወደ ጃማይካ፣ አንቲጓና ዶሚኒካ ተሻገረ። ሄይቲም ደረሰ። እንግሊዞች ከ1834 ጀምሮ ነፃ የወጡትን ሰዎች «ለማለማመድ» ብለው ለዓመታት ከጌቶቻቸው እርሻ ጋር አስረዋቸው ነበር፤ ያ ሥርዓት በ1838 ፈረሰ። ሼልሼር ሲደርስ ሰዎቹ በሙሉ ነፃ ናቸው። ባለርስቶቹ ሲያስፈራሩበት የኖሩት እልቂት አልመጣም። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ራሱ «ወዲያውኑ መሻር» የሚል አለበት።

ቀጥሎ ያደረገው ብዙም አይወራለትም፣ ለኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በባርነት የያዟቸውን ሰዎች አሠቃይተው ፍርድ ቤት የቀረቡ፣ ከዚያም በነፃ የተለቀቁ ጌቶችን ጉዳይ አንድ በአንድ እየተከታተለ በጋዜጣ ያወጣ ነበር። መንግሥት በ1845 ጅራፉን የሚቀንስና ሰው ራሱን ከጌታው እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ መሬት ላይ አለመውረዱን የቅኝ ግዛቶቹን ሰነድ እየጠቀሰ ያሳየው ደግሞ ሼልሼር ነው። የ1848 አብዮት ሲፈነዳ እንግዲህ ሰውዬው ስለ ጉዳዩ ማጥናት አያስፈልገውም። ሕጉን ያውቃል። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱትን ክርክር ያውቃል፣ መልሱንም ጽፎ ጨርሷል።

አሁን ወደ ማርች 1848 እንመለስ። ሚኒስትሩ አራጎ የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ ባርነትንም አይወድም። ግን አቋሙ የሚመረጠው ብሔራዊ ምክር ቤት እስኪወስን እንጠብቅ የሚል ነበር። ለቅኝ ግዛቶቹ ገዢዎችም በትዕግሥት ጠብቁ የሚል መልእክት ልኳል። ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል። ትልቅ ውሳኔ ነውና የሕዝብ ተወካዮች ይወስኑ፣ ምን ክፋት አለው?

ሼልሼር ክፋቱን አይቶታል። እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች ሪፐብሊክ መታወጁን ሲሰሙ ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ብናዘገየው ደም ይፈሳል ብሎ ተከራከረ። አራጎ ተረታ። በማግስቱ ማርች 4 የወጣው አጭር ድንጋጌ «ማንኛውም የፈረንሳይ ምድር ከእንግዲህ ባሪያ ሊሸከም አይችልም» በሚል መነሻ፣ የነፃነቱን ሕግ ባጭር ጊዜ ውስጥ የሚያዘጋጅ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ሼልሼር ራሱ ነው። ከአባላቱ መካከል የማርቲኒክ ተወላጅ የሆነው የመድፈኛ መኮንን ፔሪኖን፣ ጠበቃው ጋቲንና ጎሞን የተባለ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የታሪክ ምሁሩ አንሪ ቫሎን ነው። ኮሚሽኑ ማርች 6 መሰብሰብ ጀመረ።

ባለርስቶቹና የወደብ ከተማ ነጋዴዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ነፃነትን በግልጽ ለመቃወም ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የያዙት ክርክር «ምክር ቤቱ ይወስን» የሚል ነበር። ይሄ ጊዜ ለመግፋት ነው። የቀን ቅደም ተከተሉን አስተውሉት። የምክር ቤቱ ምርጫ የተካሄደው ኤፕሪል 23 እና 24 ነው። ምክር ቤቱ የተሰበሰበው ሜይ 4 ነው። አዋጁ የተፈረመው በመሃሉ ኤፕሪል 27 ነው። አንድ ሳምንት ቢያልፈው ኖሮ ጉዳዩ ለዘብተኞችና ወግ አጥባቂዎች በበዙበት ምክር ቤት እጅ ይወድቅ ነበር። ጊዜያዊው መንግሥት ሥልጣኑን ሊያስረክብ ቀናት ሲቀሩት ፈረመው።

አዋጁ ራሱ አጭር ነው። አንደኛው አንቀጽ ባርነት በሁሉም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ፈጽሞ ይሻራል ይላል፣ ግን አዋጁ እያንዳንዱ አገር ላይ ከተነገረ ከሁለት ወር በኋላ። ሰውን መግረፍና መሸጥ ግን አዋጁ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ክልክል ነው። ሌላው አንቀጽ ቅኝ ግዛቶቹ በብሔራዊ ምክር ቤት ወኪል እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። ነፃ የወጣው ወንድ ሁሉ ወዲያው መራጭ ዜጋ ሆነ ማለት ነው፤ እንደ እንግሊዞቹ «የመለማመጃ» ዓመታት የሉም። እኔ በሼልሼር ሥራ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ሰዎቹ አልተዘጋጁም ብሎ የጻፈው ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ዝግጅት የሚባለውን ነገር ከሕጉ ውስጥ አወጣው።

እነዚያ ሁለት ወሮችስ ለምን መጡ? ዋናው ምክንያት የሸንኮራ አገዳው ምርት ተሰብስቦ እንዲያልቅ ነው። ሰው ነፃ ነህ ተብሎ የጌታውን አገዳ ሁለት ወር ቆርጦ ይጨርስ ማለት ነው። ይህን ሰው ይታዘዛል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነበር፤ ደግሞም በማርቲኒክና በጓዴሎፕ ማንም አልታዘዘም።

በሜይ 20 አካባቢ፣ በማርቲኒክ ሰሜን፣ በሳን ፒየር ከተማ አቅራቢያ ባለ ዱሻን በተባለ ሰው እርሻ ላይ፣ ሮማን የሚባል በባርነት ያለ ሰው ክልከላውን ጥሶ ከበሮ መታ። ጌታው አስያዘውና ሳን ፒየር እስር ቤት ገባ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ የፓሪሱን ወሬ ሰምቷል፣ አገሩ እንደ ክብሪት ሆኗል። ሕዝቡ ወደ እስር ቤቱ ጎረፈ፣ ፍቱት አለ። የከተማው ምክትል ከንቲባ ፖሪ ፓፒ፣ እሱም ራሱ ከጥቁርና ከነጭ የተወለደ ሰው ነው፣ ሮማንን ለቀቀው። ሰዎቹ ወደየመጡበት ሲመለሱ ለ ፕሬሸር በምትባል ቦታ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። ሜይ 22 ሳን ፒየር በአመፅ ተናወጠች፤ ማታ ላይ ከውስጡ የተተኮሰበት አንድ የባለርስት ቤት ሲቃጠል ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። በማግስቱ ሜይ 23 አገረ ገዢው ሮስቶላን ባርነት ከዚህች ቀን ጀምሮ ተሽሯል ብሎ አወጀ።

ፔሪኖን የፓሪሱን አዋጅ ይዞ ማርቲኒክ የደረሰው ጁን 3 ነው። መርከቡ ወደብ ሲይዝ ሰዎቹ 11 ቀን ሙሉ ነፃ ሆነው ቆይተዋል። ሁለት ወር የሚለው አንቀጽ እዚያ አገር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ቀረ። የጓዴሎፕ አገረ ገዢም የማርቲኒኩን ሰምቶ ሜይ 27 በገዛ እጁ አወጀ። ስለዚህ ነፃነት ከፓሪስ በመርከብ መጣ የሚባለው ታሪክ፣ ቢያንስ ለነዚህ ሁለት ደሴቶች፣ በቀን መቁጠሪያው ሲታይ ልክ አይደለም። በሌላ በኩል፣ አዋጁ እየተዘጋጀ ነው የሚለው ወሬ ባይኖር የሮማን ከበሮ ሠራዊት ይጠራበት ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው የፈረንሳይ ደሴት በሬዩኒየን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኮሚሽነሩ ሳርዳ ጋሪጋ ኦክቶበር ላይ ደርሶ የነፃነቱን ቀን ዲሴምበር 20 አደረገው። ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹ በሙሉ የሥራ ውል እንዲፈርሙ ግዴታ ጣለባቸው። ወደ 60 ሺህ የሚሆን ሰው ነፃ የወጣው ብዙው እዚያው እርሻ ላይ የሚያስቀረውን ውል ይዞ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በባርነት የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ሕግ ሲያያቸው እንደ ንብረት ነው። ስለዚህ ከአዋጁ በኋላ በየወረዳው መዝገብ ተከፈተ። ሰዉ እየቀረበ ዕድሜው፣ የተወለደበት ቦታ፣ የእናቱና የልጆቹ ስም ይጻፋል፣ ከዚያም የቤተሰብ ስም ይሰጠዋል። ስሙን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ መዝጋቢው ሹም ነው። የማርቲኒክና የጓዴሎፕ ሰዎች ዛሬ የዘር ሐረጋቸውን ሲፈልጉ ወደ ኋላ ሄደው የሚያቆማቸው ይህ መዝገብ ነው።

ወደ ካሳው ልምጣ። አዋጁ ለባለርስቶቹ የሚከፈለውን ካሳ መጠን ምክር ቤቱ ይወስን ብሎ ተወው። በኮሚሽኑ ውስጥ ሲከራከሩ ግን አንድ ከባድ አሳብ ተነስቶ ተመዝግቧል፦ ፈረንሳይ ስለዚህ ሥርዓት ካሳ አለባት ከተባለ፣ ዕዳው ሥርዓቱ ለጠቀማቸው ብቻ ሳይሆን ለተሠቃዩበትም ሰዎች ነው። ወረቀት ላይ ተጽፎ ቀረ። በኤፕሪል 30 ቀን 1849 ሕግ ለባለርስቶቹ 6 ሚሊዮን ፍራንክ በጥሬው ተመደበ፣ በተጨማሪም በየዓመቱ 6 ሚሊዮን ወለድ የሚያስገኝ የመንግሥት ቦንድ፣ ማለትም የ120 ሚሊዮን ዋና ገንዘብ። ከዚህ ላይ አንድ ስምንተኛው ተቀንሶ በቅኝ ግዛቶቹ ለሚቋቋሙ ባንኮች መነሻ ካፒታል ሆነ። የተገረፈው፣ የተሸጠው፣ ልጁን የተነጠቀው ሰው አንድ ሳንቲም አላገኘም። መሬትም አላገኘም። ሼልሼር ካሳው ካልተከፈለ ነፃነቱ ራሱ እንዳይደናቀፍ ብሎ ተቀበለው። ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱን ግን ማለዘብ አልችልም፤ ሀብቱ ከነመሬቱ እዚያው በነበረበት እጅ ቀረ፣ ባንኩም በዚያው ገንዘብ ተከፈተ።

ፖለቲካው ግን ለጥቂት ጊዜ አስደናቂ ነበር። ኦገስት 1848 ሼልሼርን ማርቲኒክም ጓዴሎፕም መረጡት። እሱ ማርቲኒክን ያዘ። የጓዴሎፕን መቀመጫ ተተክቶ የያዘው ሉዊዚ ማቲዩ የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በባርነት የነበረ ሰው ፓሪስ ምክር ቤት ገብቶ ተቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ቢሴት ከቀድሞ ጠላቶቹ ከነጭ ባለርስቶች ጋር ታርቆ፣ ያለፈውን እንርሳ በሚል ቅስቀሳ ማርቲኒክን አሸነፈ። ሼልሼር በጓዴሎፕ በኩል ተመረጠ።

ዲሴምበር 2 ቀን 1851 ፕሬዚዳንቱ ሉዊ ናፖሊዮን መንግሥት ገለበጠ። በማግስቱ ጠዋት ፓሪስ ውስጥ ፎቡር ሳንታንትዋን በሚባለው የሠራተኞች ሠፈር ጥቂት የምክር ቤት አባላት ከሰዉ ጋር ሆነው መንገድ ዘጉ። ወታደር ሲመጣ ሼልሼርና ጓደኞቹ መሣሪያ ሳይዙ፣ የእንደራሴነት መቀነታቸውን እንደታጠቁ ወደ ሳንጃው ቀረቡ፣ ሕገ መንግሥቱን አክብሩ ብለው ለመኑ። ከኋላቸው ጥይት ጮኸ፣ ወታደሮቹ መለሱ፣ መከለያው ላይ የነበረው እንደራሴ አልፎንስ ቦዳን ወዲያው ሞተ። ሼልሼር ተረፈ። ወደ ቤልጂየም፣ ከዚያ ወደ ለንደን ተሰደደ።

ስደቱ ወደ 19 ዓመት ወሰደ። ለንደን ላይ የሙዚቃ ደራሲውን የሄንደልን ኖታዎች ሲሰበስብ ኖረ፣ በ1857ም የሄንደልን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ናፖሊዮን ሦስተኛ ተብሎ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ሉዊ ናፖሊዮን በ1859 ምሕረት ሲያውጅ አልመለስም አለ። በዚያን ጊዜ ቅኝ ግዛቶቹ የምክር ቤት ወኪላቸውን ተነጥቀዋል፣ ነፃ የወጣው ሰው የሥራ ደብተር ካልያዘ ሥራ ፈት ተብሎ ይቀጣል፣ ከ1853 ጀምሮም ለሸንኮራ እርሻው በውል የታሰሩ ሠራተኞች ከሕንድ በመርከብ ይመጡ ነበር።

በ1870 ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቅ ሼልሼር ፓሪስ ነበር። በ1871 እንደገና ማርቲኒክን ወክሎ ምክር ቤት ገባ፣ በ1875 መጨረሻ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነ። እርጅናው ዝም አላሰኘውም። የሞት ቅጣት እንዲቀር ተከራከረ። በ1880 ሴኔት ውስጥ ተነስቶ፣ በፈረንሳይ ሥር ባለው በሴኔጋል ሰው አሁንም እየተሸጠ ነው፣ የኛም ሹማምንት አይተው እንዳላየ ያልፋሉ ብሎ በራሱ ወገን መንግሥት ላይ ክስ አቀረበ። ከ32 ዓመት በኋላ የራሱን አዋጅ መከበር ሲጠይቅ ማለት ነው። መጻሕፍቱን ለማርቲኒክ ሰጠ፤ ብዙዎቹ በ1890ው የፎር ደ ፍራንስ ቃጠሎ ወደሙ። ዲሴምበር 25 ቀን 1893 ፓሪስ አጠገብ ኡዪ በምትባል ከተማ ሞተ።

በ1949 አጽሙ ታላላቆቹ ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን ተዛወረ። ከአባቴ አትለዩኝ ብሎ ስለነበር የአባቱም አጽም አብሮት ገባ። በዚያው ቀን በፈረንሳይ ጉያና የተወለደው ጥቁሩ አስተዳዳሪ ፌሊክስ ኤቡዌም እዚያው አረፈ።

ሜይ 22 ቀን 2020 ማርቲኒክ ውስጥ ወጣቶች ሁለት የሼልሼር ሐውልቶችን ጣሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ባርነትን የሻረውን ሰው እንዴት እንዲህ ታደርጋላችሁ ተባለ። እኔ ሐውልቱ ባይወድቅ እመርጥ ነበር። ጥያቄያቸውን ግን አልገፋውም። ከመቶ ዓመት በላይ ሐውልት፣ መንገድና የከተማ ስም ሲሰጠው የኖረው ለአንድ ነጭ እንደራሴ ነው፣ ሮማን ግን በሙሉ ስሙ እንኳ አይታወቅም። ማርቲኒክ በየዓመቱ የምታከብረው በዓልም ሜይ 22 ነው እንጂ ኤፕሪል 27 አይደለም። የካሳውም ነገር አልተዘጋም። በሜይ 2001 የፈረንሳይ ምክር ቤት ባርነትና የባሪያ ንግድ በሰብአዊ ፍጡር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው የሚል ሕግ አወጣ። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ስለ ካሳ የሚያጠና ኮሚቴ የሚያቋቁም አንቀጽ ነበረው፤ ሕጉ ሲጸድቅ ያ አንቀጽ ወጥቶ ነው።